ዓይነ አፋር ተማሪ በአዲስ ትምህርት ቤት ጓደኛ የሚያፈራው እንዴት ነው?

የቦንጋው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ከቦንጋ ወደ ጅማ መጥቼ ቆጪ አካባቢ ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ። ቦንጋ ሳለሁ ጓደኛ መፈለግ የሚባል ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ አብረውኝ ያደጉት ልጆች ዝምታዬን ለምደውት ስለነበር ብናገርም ባልናገርም ከመካከላቸው አልጎድልም ነበር። እዚህ ግን የክፍሌ ልጆች ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚሄድ እኔ ሳልመጣ ተወስኗል። በእረፍት ሰዓት ደብተር የማገላብጥ መስዬ ክፍል ውስጥ እቀራለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ መልሱን በማውቅበት ጊዜ እንኳ እንዳልሳሳት ፈርቼ እጄን አላወጣም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ደግሞ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ስለሚሸጋገሩ፣ ሳቁ ላይ ስደርስ ቀልዱ አምልጦኛል።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ይህን ግልጽ ማድረግ እፈልጋለሁ። አክስቴም "አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ" እያለች ለጎረቤት ታመሰግነኛለች፤ እኔ ግን ዝም የምለው አፌ አልከፈት ስላለኝ እንጂ ጨዋነት በልጦብኝ አይደለም። "ደፋር ሁን" የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የምጠይቃችሁ ድፍረቱ እስኪመጣ ድረስ እንደ እኔ ያለ ሰው ከምን እንደሚጀምር ነው።

የቆጪ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ጎረቤት ነን ማለት ነው። ኳስ ባትወድም እንኳ ስለ ጅማ አባ ጅፋር ጠይቅ። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን መውሰዱን ያኔ ሕፃን የነበረው ሁሉ እንዳየ ሰው ሆኖ ይተርክልሃል። አንተ "እንዴት ነበር?" ብለህ ዝም ማለት ብቻ ይበቃሃል፤ የቀረውን እርሱ ይጨርሰዋል።

መምህር ከጅሬን፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ያቀረብህበት መንገድ ደስ ያሰኛል። በዚህች ከተማ ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከቦንጋም የሚመጡ ተማሪዎች አንተ የገለጽኸው ነገር ሲገጥማቸው አያለሁ። ካየሁት ተነሥቼ የምነግርህ፣ ጓደኝነት ከንግግር ችሎታ የሚመነጭ አለመሆኑን ነው። ተግባቢ የሚባለው ልጅ ብዙ ሰው ሰላም ይላል እንጂ ብዙ ጓደኛ አለው ማለት አይደለም። ሁለት ልጆች የሚቀራረቡት በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙና በእጃቸው የጋራ ሥራ ሲኖር ነው፤ ሥራው ራሱ የሚነጋገሩበትን ጉዳይ ስለሚሰጣቸው ወሬ ፍለጋ አይጨነቁም። ስለዚህ ምን ልናገር የሚለውን ትተህ የት ልገኝ የሚለውን አስብ።

ትምህርት ቤትህ ውስጥ ክበባት ይኖራሉ፤ ለዓይነ አፋር ልጅ ግን ሁሉም እኩል አይመቹም። ሚኒ ሚዲያ ሲባል ማይክሮፎኑ ብቻ ይታይህ ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ ዜና የሚጽፍ፣ ሽቦ የሚያያይዝ፣ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ የሚያወጣና የሚያስገባ ልጅ ያስፈልጋል፤ አንባቢው ከጻፊው ጋር፣ ጻፊውም ከሽቦ አያያዡ ጋር ሳይነጋገር ሥራው አይሠራም። የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሲያለማምድ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው፤ አንዱ የሌላውን ክንድ በፋሻ ሲጠቀልል ዝም ቢል የሚታዘበው የለም። የአካባቢ ጥበቃ ክበብም መልካም ነው፤ በእኛ ከተማ ዝናብ ሳር ማብቀል ስለማይሰለቸው እዚያ ሥራ አይጠፋም። የጥያቄና መልስ ውድድርና የክርክር ክበብ ግን ለአሁኑ ይቆዩህ።

ክፍል ውስጥ ስላለው ደግሞ ይህን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሊዮት አሮንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ላይ መማር ሲጀምሩ የተፈጠረውን መፈራራት ለማርገብ አንድ ዘዴ ሞክሮ ነበር። ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፍል ብቻ ይሰጥና፣ ልጆቹ እርስ በርስ ካልተማማሩ ማንም ሙሉውን እንዳያገኝ ያደርጋል። እኔም በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ መፈጨት ሳስተምር አንዱን ስለ ጨጓራ፣ ሌላውን ስለ ትንሹ አንጀት፣ ሦስተኛውን ስለ ጉበት አንብቦ እንዲያስረዳ አደርጋለሁ። ያን ዕለት ዝምተኛው ልጅ ጉበትን የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ስለሚሆን ይጠየቃል፤ ተጠይቆ መመለስ ደግሞ ሳይጠየቁ ከመናገር እጅግ ይቀላል። የአንተ መምህራን እንዲህ ባያደርጉ እንኳ የክፍል ኃላፊህን ለብቻው አግኝተህ ቦታህን እንዲቀይርልህ ልትጠይቀው ትችላለህ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆኖ በሚቀመጥበት ክፍል መሐል ላይ የተቀመጠ ልጅ በግራም በቀኝም መጽሐፍ ይዋዋሳል፤ ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠው ግን ከግድግዳው ጋር ይውላል።

ፊት ለፊት፦

መምህር፣ ከእርስዎ ሐሳብ በአክብሮት እለያለሁ። ሽቦ ማያያዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዓይነ አፋር ሰው ከሥራ ጀርባ መደበቅን ይለምድና፣ ሁሉም "ያ ሽቦ የሚያያይዘው ልጅ" እያለው ስሙን ሳይጠይቀው ዓመቱ ያልቃል። እኔ ያደግሁት መርካቶ በአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛ ሲገባ አንገት ደፍቶ መቆም ስለማይቻል፣ ወደድሁም ጠላሁም "ምን ልታዘዝ?" ማለትን ተለማመድሁ። አፍ የሚፈታው በመናገር እንጂ ሁኔታውን በማመቻቸት ብቻ አይደለም።

ወንድሜ፣ ለአንተ የምመክርህ ትንሽ ነገር ነው። ጠዋት ስትገባ አጠገብህ የሚቀመጡትን ልጆች በየስማቸው ሰላም በላቸው። "ሰላም" ብቻ ብለህ አትለፍ፤ ስማቸውን ጥራ። ሰው ስሙን የሚያውቅለትን ልጅ ስም ለማወቅ ይገደዳል። ከዚያ በላይ ምንም አትጨምር፤ ወሬ እንዲቀጥልም አትጠብቅ። ነገ ደግሞ ድገመው።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦

ከምማረው ትምህርት ጥቂት ነገር ልጨምር። ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለው ብዙ ነው የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው መጠይቅ ከመላሾቹ 40 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ዓይነ አፋር ብለው ገልጸዋል። ይህ በአሜሪካ የተገኘ ቁጥር ቢሆንም፣ በእረፍት ሰዓት ደብተር የሚያገላብጠው አንተ ብቻ አትመስለኝም። እንዲያውም ሌላው ዝምተኛ አንተን ሲያይ "ይህ ልጅ ኮርቶ ነው" እያለ ይሆናል፤ ዓይን የማይገናኝና ሰላምታ የማያስቀድም ሰው ከሩቅ ሲታይ ፈሪ ሳይሆን ኩሩ ይመስላልና። የስም ሰላምታው ጥቅም በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ጥርጣሬ ይሰብራል።

በእንግሊዝኛ ተሳስተህ እንዳይሳቅብህ ስለመፍራትህም አንድ ጥናት አለ። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ሥዕሉን እንዳስተዋለባቸው ገመቱ፤ በእርግጥ ያስተዋለው ግን ወደ ሩብ ነበር። እኛ በራሳችን ላይ ያበራነው መብራት ሌላው ዘንድ ይህን ያህል አይደርስም።

በመምህሩ ሐሳብ ላይ ግን ማሻሻያ አለኝ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ሰዎች ከመተዋወቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው እንደሚያሳልፉ ገምቷል። የተጠኑት ወደ አዲስ ከተማ የተዛወሩ አዋቂዎችና አዲስ የኮሌጅ ተማሪዎች ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዘው። ቁም ነገሩ በሥራና በክፍል ውስጥ አብሮ የሚያልፈው ሰዓት ብቻውን ብዙ የማያቀራርብ መሆኑ ነው፤ የሚያቀራርበው ከሥራው ቀጥሎ የሚመጣው ጨዋታ ነው። ክበቡ በሩን ይከፍታል፤ ከክበቡ በኋላ ግን በባጃጅ ተሳፍረህ ወደ ቤትህ ከሮጥህ ትርፉን ጥለኸው ትሄዳለህ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ካለህና ከአንድ ልጅ ጋር በእግርህ ከተመላለስህ በሳምንት 5 ሰዓት ይሆናል፤ በ10 ሳምንት 50 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ለእኛ ለዓይነ አፋሮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ዓይነ አፋርነት ጠባይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ሆኖም ፍርሃቱ ከትምህርት ቤት እስከማስቀረት፣ ምግብ ከሰው ፊት እስካለመብላት፣ ሌሊት እንቅልፍ እስከመንሳት ከደረሰና ወራት ከዘለቀ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሊታከምም ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። የአንተ ጽሑፍ ግን ይህን አያመለክትም።

የጊንጆዋ፦

ምክሩ ሁሉ ለወንድ ልጅ የተጻፈ ይመስላል። እኔም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ነገር ግን ክበብ የሚሰበሰበው ከትምህርት በኋላ ነው፣ እኔን ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቀኛል፤ በመንገድ ቆም ብዬ ብጫወትም "ምን ስትሠሪ ቆየሽ?" የሚል ጥያቄ አለ። ሴት ልጅ ዝም ስትል ስለምትመሰገን ማንም እንደ ችግር አያየውም። እኔ የጀመርሁት በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ነው። ማታ አንዷ የሒሳብ ጥያቄ ስትለጥፍ አሠራሩን በወረቀት ጽፌ ፎቶውን እልክ ነበር፤ በጽሑፍ ስሆን እጄ አይንቀጠቀጥም። አሁን ያቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ድረስ መጥታ ትጠራኛለች፣ እናቴም ስለምታውቃት አትቆጣም። ክበብ ለማይመቻት እህት ይህን ጻፍሁ።

የቦንጋው (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን የዴስክ ነገር ነገ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። ባለፈው የፊዚክስ የቡድን ሥራ አምስት ሆነን ተመደብን። ልጆቹ ጎበዝ መሆኔን ሰምተው ስለነበር "አንተ ሥራልን፣ እኛ ስማችንን እንጽፋለን" አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሌሊቱን ሠራሁት። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፣ "አንበሳ ነህ" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። በሳምንቱ ግን በእረፍት ሰዓት አጠገባቸው ሳልፍ አላዩኝም። አሁን ለኬሚስትሪው ሊጠሩኝ ነው። እምቢ ብል ያለችውንም ትንሽ ነገር አጣለሁ፤ እሺ ብልስ ጓደኛ ይሆኑኛል?

ዝምተኛው መሐንዲስ፦

አይሆኑህም፤ ጸሐፊያቸው ነው የምትሆነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ቂጦ ፉርዲሳ፣ ስማር ይህን በየሴሚስተሩ አይቻለሁ። ዝምተኛና ጎበዝ ተማሪ በአሳይመንት ወቅት ይፈለጋል፤ አሳይመንቱ ሲያልቅ እርሱም አብሮ ያልቃል። ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አንተ ሌሊት ለብቻህ ስትሠራ አብረውህ ያሳለፉት ደቂቃ ስለሌለ የሚያስታውሱት ነገር የላቸውም። የቲሸርቱንና የሰዓቱን ጥናት የጻፈው ወንድማችን እንዳለው፣ ሥራው ራሱ ሳይሆን በሥራው ዙሪያ ያለው ጨዋታ ነው የሚያቀራርበው፤ አንተ ደግሞ ሥራውን ብቻ ወስደህ ጨዋታውን ለእነርሱ ተውህላቸው።

እምቢ ማለት ግን አያስፈልግህም። ሲጠሩህ "የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች እኔ እይዛለሁ፤ ሌላውን ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ተገናኝተን አብረን እንሥራው፣ የከበዳችሁን አሳያችኋለሁ" በላቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቤትህ ሆነህ ጮክ ብለህ ተለማመዳት፤ ለዓይነ አፋር ሰው የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ነውር የለውም። ከአራቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አይመጡም ብለህ ያዝ። የሚመጣው አንዱ ወይም ሁለቱ ግን የምትፈልጋቸው ልጆች ናቸው፤ ማንም ካልመጣም የራስህን ድርሻ ብቻ ታስረክባለህ።

ሌላም ነገር አለ፤ ጅማ ስለሆንን ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ዘንድሮ ባይሆን በሚቀጥሉት ዓመታት አንድ ሰው "ና ቃም፤ አፍህ ይፈታል" ይልሃል። አልዋሽህም፣ በርጫ ላይ ዝምተኛውም ያወራል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያነቃቃ ስለሆነ በምርቃናው ሰዓት ሁሉም ሰው ወንድም፣ ሁሉም ዕቅድ የሚሳካ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ግን ድብርቱና የእንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል፤ ያንን ለማስታገስ ደግሞ ጨብሲ የሚባለው መጠጥ ይከተላል። በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፦ በምርቃና የተዋወቁ ልጆች ያለ ምርቃና ሲገናኙ እንደ እንግዳ ሲተፋፈሩ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ሰዓት ለጓደኝነታቸው አልተቆጠረላቸውም።

ፊት ለፊት፦

በጫቱ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ዓረፍተ ነገሩም እንዲሁ፤ በመጨረሻ መናገር እንዳለበት ስላመናችሁልኝ አመሰግናለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ የጻፍኸውን ሳነብ የእኔ ሁለተኛ ልጅ መስለኸኝ ልቤ ተነካ። ተማሪዎቹ ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ስላሉ እኔ ስለ ቤት ልናገር። አክስትህ በአንተ ጨዋነት ደስ የሚላት ከሆነ ብቸኝነትህን አታውቅም ማለት ነው፤ ንገራት። "ቅዳሜ አብሮኝ የሚያጠና ልጅ ላምጣ?" ብለህ ብትጠይቃት እምቢ የምትል አይመስለኝም። በእኛ አገር ሰው ቤት የገባና ቡና የቀመሰ ልጅ በማግስቱ መንገድ ላይ አይቶ አያልፍም፤ እናቱም ትጠይቃለች፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። አንተ ብዙ መናገር አይጠበቅብህም፤ አክስትህ ትናገርልሃለች። ቆሎውን ማቅረብ፣ ሲኒውን ማድረስ የአንተ ሥራ ይሁን፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ሐፍረት ይቀንሳል፤ መምህሩም ያሉት ይህንኑ መሰለኝ።

ስለ አፋን ኦሮሞም አትስጋ። ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ነው የለመዱት። የምትቀርበውን ልጅ "አስተምረኝ" በለው፤ አንተም በካፊኛ ምን እንደሚባል ንገረው። ስትሳሳት ይስቃል፤ እርሱም ካፊኛውን ሲሳሳት አንተ ትስቃለህ። ልጆች በዚህ አይቀያየሙም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሙስሊም የክፍልህ ልጆች ወደ ጁምዓ ሶላት ሲሄዱ ግቢው ጭር ይላል፤ በዚያ ሰዓት የሚቀሩት ጥቂት ልጆች ስለሆኑ ከብዙው ሰዓት ይልቅ ለመቅረብ ይቀላል።

የቦንጋው (ጠያቂ)፦

እናቴ፣ አክስቴን ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ለኬሚስትሪውም የተባለችውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ይዣታለሁ። መምህር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ሚኒ ሚዲያ ለመግባት ብፈልግም የክበባት ምዝገባ ጥቅምት ላይ እንዳለቀ ሰማሁ። መምህሩን ደግሞ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉ ሰው ፊት መጠየቅ ከበደኝ። ምን ላድርግ?

መምህር ከጅሬን፦

ምዝገባው ለስም ዝርዝሩ ነው እንጂ ሥራ የሚችል ልጅ ሲመጣ የሚመልስ የክበብ ተጠሪ አላየሁም፤ በተለይ በዚህ ወቅት፣ መስከረም ላይ የተመዘገቡት ግማሾቹ ስለሚጠፉ። ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል አትሂድ። ተጠሪው መምህር ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ዕቃውን ሲያስገቡ ብቻቸውን ወይም ከአንድ ሁለት ልጆች ጋር ታገኛቸዋለህ። ድምፅ ማጉያውን አንሣና ይዘህላቸው ግባ፤ ከዚያ ወረቀት ስጣቸው። ወረቀቱ ላይ ስምህን፣ ክፍልህንና ምድብህን፣ "ዜና መጻፍና ዕቃ ማገናኘት እችላለሁ፤ ማንበብ ግን ለጊዜው አልፈልግም" የሚለውን ጻፍ። የመጨረሻዋን ሐረግ አታስቀራት፤ ካላሰፈርሃት በማግስቱ ማይክሮፎኑን ያስይዙሃል።